እሳት የሚመልሰው ስፌት

ቂመኛ ነው ይሉኛል። አልዋሹም። እኅቴ ቤሪል «አንተ እኮ በሺህ ዘጠኝ መቶ ስድሳ አራት የተረገጠች እግርህን እስከ ዛሬ ታሻለህ» ትለኛለች። ባላሻት ደስ ይለኝ ነበር። ግን ሸክላ ላይ ሠላሳ አንድ ዓመት የሠራ ሰው የሚያውቀው ነገር አለ፤ ላዩን ብቻ አብሰኸው የጠፋ የመሰለህ መስመር፣ እሳት ሲያገኘው ተመልሶ ይወጣል።

ሴልዊን ብሉር እባላለሁ። በርስለም በምትባል የሸክላ ከተማ ተወልጄ፣ በርስለም ሠርቼ፣ ፋብሪካው ሲዘጋ እዚያው በርስለም እጄን አጣጥፌ ተቀመጥኩ። ሥራዬ ፌትል ማድረግ ነበር። ጆግ የሚወጣው ከሁለት ግማሽ የጄሶ ቅርጽ ነው። ፈሳሽ ጭቃ ትሞላለህ፣ ጄሶው ውኃውን ይጠጣል፣ ቅርጹን ስትከፍተው ጆጉ ቆሞ ይጠብቅሃል። ሁለቱ ግማሾች በተጋጠሙበት በኩል ግን ከአፉ እስከ ቂጡ የሚወርድ ጠርዝ ይቀራል። ስፌት እንለዋለን። ያንን በቢላ ቆርጦ፣ በቢላው ጀርባ ተጭኖ፣ መጨረሻ ላይ በስፖንጅ ዳብሶ ጆጉን ለእሳት የሚያዘጋጀው ሰው ፌትለር ይባላል። በቀን አራት መቶ ጆግ። ጆግ ገዝቶ «ስፌቱ የታለ?» ብሎ የጠየቀ ሰው አላውቅም። ሥራችን ካልታየ ነው ሠሩ የሚባለው፤ ስለዚህ ማንም አላየንም።

ፋብሪካው ከተዘጋ ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ ሙዚየም አደረጉት። እንደ ጠርሙስ ሆዳቸው የተነፋው የድሮ ምድጃዎች ታጠቡ፣ እኛ አቧራ ውጠን ሳል የተማርንበት ክፍል ኖራ ተቀባ። ባለፈው መጋቢት የሙዚየሙ ኃላፊ ሚስ ፕሪዶ የአጃ ቂጣ የሚሸጥበት ሱቅ ግድግዳ ላይ ማስታወቂያ ለጠፈች። ፌትል ማድረጊያው ወንበር ላይ ተቀምጦ ለጎብኚ ሥራውን የሚያሳይ አንድ የቀድሞ ሠራተኛ ይፈለጋል፣ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ይላል። «አንድ» የሚለው ላይ አሰመረችበት። እኔም ዞር ዞር ብዬ አየሁና ወረቀቱን ነቅዬ ኪሴ ከተትኩት፤ ሌላ ሰው እንዳያነበው። ለካ ሁለት ቦታ ለጥፋ ኖሯል።

ያንን ወንበር እንዴት እንደፈለግሁት ለማንም አልተናገርኩም። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ እጄ የሚይዘው አጥቶ ጠዋት ጠዋት የቤሪልን ስኒዎች እያገላበጥኩ ስፌታቸውን ስፈልግ ነው የኖርኩት። ሰው ሆኜ መሞት የምችልበት የቀረ ቦታ ቢኖር ያ ወንበር ነበር።

በቀጠሮው ቀን ስሄድ ማን ተቀምጦ ቢጠብቀኝ ጥሩ ነው? ክላይቭ ሶልት።

ስለ ክላይቭ ሶልት ማወቅ ያለባችሁ ይሄ ነው። በሰማንያ ስድስት የፌትል ክፍሉ ፎርማን ጡረታ ወጣ። ለቦታው ሁለት ሰዎች ታጨን፣ እኔና ክላይቭ። በእጅ ሥራ እኔ እበልጠው ነበር፤ ይሄን እሱም አይክድም። ግን ሥራ አስኪያጁ የክፍሉን ሁኔታ በሁለት ገጽ ጽፋችሁ አምጡ አለን። እኔ በአሥራ አምስት ዓመቴ ነው ትምህርት ቤት የለቀቅሁት። ጻፍኩ። ክላይቭ ወረቀቴን ከየት እንዳገኘው እንጃ፣ በምሳ ሰዓት የሠራተኞች ክበብ ውስጥ ወንበር ላይ ቆሞ፣ ከነፊደል ስህተቱ፣ እኔ እንደጻፍኩት አድርጎ ጮክ ብሎ አነበበው። ሰው ሳቀ። ፎርማንነቱን እሱ ወሰደ። እኔ ከዚያ ቀን ጀምሮ ምሳዬን ጓሮ፣ የተሰበረ ዕቃ ክምር አጠገብ በላሁ።

ሚስ ፕሪዶ ከደቡብ የመጣች፣ ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው፤ ጫማዋ ላይ አቧራ እንዳያርፍ እየተጠነቀቀች የምትራመድ ትሑት ሴት ነች። ሁለታችንን እንደ ጳጳስ «እርስዎ» እያለች አስረዳችን።

«ለየራሳችሁ ስድስት ስድስት ጆግ ትሠራላችሁ። ሐሙስ ማታ ምድጃ ይገባሉ፣ ቅዳሜ ጠዋት አብረን እናወጣቸዋለን። ሌላው ደግሞ አጭር ካርድ ነው። ጎብኚ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ፌትል ምን ማለት ነው፣ ቃሉስ ከየት መጣ ነው። ግማሽ ገጽ ይበቃል፤ በራሳችሁ እጅ ጻፉልኝ። ወንበሩ ፊት ይሰቀላል።»

መጻፍ የሚለውን ስሰማ ክላይቭን ሰረቅ አድርጌ አየሁት። ወለሉን ያያል። ሳቁን የሚውጥ መሰለኝ።

ማክሰኞ ጠዋት እንደ ድሮው ጎን ለጎን ተቀመጥን።

«እንዴት ነህ ዳክዬ» አለኝ። እዚህ ከተማ ወንዱም ሴቱም፣ ሚኒስትር ቢመጣ እሱም፣ ዳክዬ ነው የሚባለው። ስለዚህ እንደ ፍቅር ሳልቆጥረው መለስኩ።

«አለሁ። አንተስ፣ ፎርማንነቱ ቀረ?»

«ፋብሪካው ከቀረ ምን ፎርማን አለ።»

«እኔማ ፋብሪካው እያለም ቀርቶብኛል።»

«ይኸው ጀመረው» አለ ለጭቃው። «ሰላም ስንል ጀመረው።»

ከዚያ ሥራችንን ጀመርን። ቢላው እጄ ውስጥ ሲገባ አሥራ ሁለት ዓመቱ የት እንደሄደ አላውቅም። ስፌቱ እንደ ድንች ልጣጭ እየተጠቀለለ ወደቀ። ሁለተኛውን ጆግ ስጨርስ ቀና ብል ክላይቭ አራተኛውን ያስቀምጣል። ፎርማን ሆኖ የለመደው ችኮላ ነው ብዬ ተናደድኩ። አጎንብሼ በብብቱ ሥር ሳይ ግን ቢላው ከተቀመጠበት አልተነሣም። በስፖንጅ ብቻ ነው የሚሠራው። ስፌቱን እያረጠበ ያሻዋል፣ ጭቃው ይለሰልሳል፣ መስመሩ ይጠፋል። ለዓይን ከእኔ ጆግ ጋር አንድ ነው።

በዚህ ሙያ ከዚህ የባሰ ጥፋት የለም፤ ጀማሪን በመጀመሪያው ሳምንት ጆሮውን የምንጠመዝዘው በዚህ ነው። በስፌቱ ላይ ያለው ጭቃ ሁለቱ ጄሶዎች ሲጨምቁት ከሌላው ተለይቶ ነው የተኛው። ካልቆረጥከውና ካልተጫንከው ጠባዩን አይለቅም። ውኃ ያስተኛዋል እንጂ አይገድለውም። እሳት ሲነካው እንደገና ብድግ ይላል።

ሚስ ፕሪዶ መጣችና የክላይቭን ስድስት ጆጎች ተደርድረው ስታይ «ሚስተር ሶልት እንዴት ፈጣን ነዎት» አለችው።

አንድ ቃል ይበቃኝ ነበር። ምላሴን ነክሼ አራተኛ ጆጌን አነሣሁ። ቅዳሜ ስድስቱም ስፌታቸውን አግጥጠው ሲወጡ ሚስ ፕሪዶ የምትሆነውን እያሰብኩ ሠራሁ። እውነቱን ለመናገር፣ ከሠላሳ አንድ ዓመቱ ሁሉ እንደዚያ ቀን በደስታ የሠራሁበት ቀን ትዝ አይለኝም።

የቀረኝ ካርዱ ነበር። በማግስቱ ቤተ መጻሕፍት ሄድኩ። በሕይወቴ ሦስተኛዬ ነው። የምታስተናግደው ሴት ወፍራሙን መዝገበ ቃላት በሁለት እጇ ተሸክማ ፊቴ አስቀመጠችልኝ፤ እኔም መነጽሬን አድርጌ ጣቴን በገጹ ላይ እያወረድኩ ፈለግሁ።

እዚህ ላይ ሚስተር ኦክስሊን ማንሣት አለብኝ። መምህሬ ነበር። በስድሳ አራት «ቤታችን» የሚል ድርሰት ስንጽፍ «አባቴ እሑድ ዕለት ሰዓቱን ፌትል አደረገ» ብዬ ጻፍኩ። በቀይ ሰረዘውና «እንዲህ የሚባል ቃል የለም» ብሎ አስነሣኝ። «ጠገነ» እያልኩ ሃያ ጊዜ ቆሜ እንድደግም አዘዘኝ። አሥረኛው ላይ ክፍሉ በሙሉ አብሮኝ ይል ነበር፣ እየሳቀ። ትምህርት ቤት የተውኩት በሚቀጥለው ዓመት ነው፤ ልቤ ግን የተወው ያን ቀን ነው።

እና ቃሉ ነበረ። አንድ ሙሉ ዓምድ ይዞ፣ ከሺህ ዓመት በላይ ዕድሜ ይዞ። ጣቴን እላዩ ላይ አድርጌ ብዙ ቆየሁ። ሚስተር ኦክስሊ ሞቷል፤ የተቀበረበትን አውቃለሁ። ገጹን ገንጥዬ መቃብሩ ላይ ልለጥፍለት ብዬ ነበር፤ የሕዝብ መጽሐፍ ነው ብዬ ተውኩት።

መጽሐፉ እንደሚለው ቃሉ ሲጀመር ቀበቶ ነበር። ወገብ የሚታሰርበት ጠፍር። ሰው ታጥቆ ሲነሣ ተዘጋጀ ይባላልና፣ ቀበቶው ቀስ በቀስ መዘጋጀት ሆነ። መዘጋጀቱ ደግሞ ማሰናዳት፣ ማስተካከል፣ የተበላሸ ነገር መጠገን። ከዚያ በኋላ ቃሉ ሥራ ፍለጋ እንደወጣ ሰው አገር ላገር ዞረ። ፈረስ የሚቀልበውና የሚያሻሸው ሰው ያዘው። ብረት አቅላጮች የምድጃቸውን ወለል አሸዋ ሲያለብሱ ወሰዱት። እኛ ለስፌታችን አመጣነው። አውስትራሊያ ድረስ ተሻግሮ የባቡር ሐዲድ የሚጠብቁ ሠራተኞች ስም ሆነ። ጤናው የተሟላ ሰውም «ፌትሉ ጥሩ ነው» ይባላል። አንዱን ትርጉም ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ፤ መምታት፣ መቅጣት ይላል። እሱን መጽሐፍ ሊነግረኝ አያስፈልግም። አባቴ «ና ወዲህ፣ ፌትል ላድርግህ» ሲል ምን ማለቱ እንደነበረ ጀርባዬ ያውቃል።

ሁሉንም ገለበጥኩ። ቤት ወስጄ በንጹሕ ወረቀት ደግሜ ጻፍኩት፣ ሁለቴ ቀደድኩት፣ ሦስተኛውን ለቤሪል ሰጠኋት። ቤሪል ባሏ ከሞተ ወዲህ አብረን ነው የምንኖረው። እጇን በመሐረብ ጠረገችና አነበበችው።

«ይሄ የስልክ ማውጫ ነው» አለች።

«መዝገበ ቃላቱ እኮ እንደዚሁ ነው የጻፈው።»

«እንግዲያ መዝገበ ቃላቱ ይቀጠር።»

«ምን ልጻፍ ታዲያ? ከየት መጣ ተብሏል፣ ከዚህ መጣ ብያለሁ።»

«አንቺ ከየት ሰማሽው ብትለኝ ከአባዬ ነው የምልህ። ሺህ ዓመት አላውቅም እኔ።» አገጯን ወደ ምድር ቤቱ በር አነሣች። «ቀበቶው እንኳን እስከ ዛሬ እዚያው ምስማሩ ላይ ነው።»

አውቃለሁ። የአባታችን ቀበቶ ወፍራም፣ ጫፉ የተሰነጠቀ፣ መቆለፊያው የነሐስ። ላወርደው አስቤ አላወረድኩትም።

«ስለሱ አልጽፍም» አልኳት።

«ሁለቴ ነው የመታህ ሴልዊን። ሁለቴ። የወንበር እግር ሲያጣብቅ ደግሞ ስንቴ አሰረበት? ይሄ አሁን የተቀመጥክበትስ?»

ወንበሩን ወደ ታች አየሁት። እውነቷን ነው። ሙጫ ይቀባና፣ ቀበቶውን ሁለት ዙር አዙሮ እስኪጮህ ያጠብቀዋል፣ ያሳድረዋል። ቅዳሜ ቅዳሜ ሱሪውን በገመድ አስሮ ይውል የነበረው ቀበቶው ወንበር ላይ ስለሆነ ነው። ይሄን ለምን ረስቼው እንደቆየሁ አላውቅም። ሁለቱን ምት ግን ቀን ከነሰዓቱ እነግራችኋለሁ።

ወረቀቱን ገልብጬ በጀርባው እንዲህ ጻፍኩ።

«ፌትል ድሮ ቀበቶ ማለት ነበር። አባቴ አንድ ቀበቶ ነበረው። ሱሪውን ይይዝበታል፣ እኔን ሁለት ጊዜ መትቶበታል፣ የተሰበረ ወንበር ሙጫው እስኪደርቅ ያስርበታል። ሁሉንም ፌትል ነበር የሚላቸው። እኔ ፌትል የማደርገው ጆግ ነው። ስፌቱን ቆርጬ ለእሳት አስታጥቀዋለሁ። እሳት የሚያምረው ለታጠቀ ነው።»

ቤሪል አንብባ ስትጨርስ «የአጃ ቂጣ ላሙቅልህ?» አለችኝ። ከእሷ ዘንድ ይሄ ብዙ ነው።

ሐሙስ ከምሳ በኋላ ካርዱን ይዤ ሄድኩ። ሚስ ፕሪዶ ስብሰባ ላይ ናት አሉኝ። ወርክሾፑ ባዶ ነበር፤ አሥራ ሁለቱ ጆጎች በሁለት ጣውላ ላይ፣ ስማችን ተለጥፎባቸው፣ የኤሌክትሪክ ምድጃውን ተራ ይጠብቃሉ። ጓሮ ስወጣ ክላይቭ ደረጃው ላይ ተቀምጦ የአጃ ቂጣ ይበላል። ይበላል ልበል እንጂ እየበላ አልነበረም። ቂጣው በወረቀቱ ውስጥ እንደ ወፍ ክንፍ ይርገበገባል፣ አይቡ ጉልበቱ ላይ ይወድቃል፤ በሌላኛው እጁ የሚንቀጠቀጠውን እጅ ይዞታል፣ ያም ይንቀጠቀጣል።

ሲያየኝ ቂጣውን ኮቱ ሥር ከተተ። የስድሳ ሦስት ዓመት ሰው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኩት።

«ሁለት ዓመት። ጠዋት ይሻለኛል።» ጉልበቱ ላይ የወደቀውን አይብ አራገፈ። «አየህ አይደል፣ ማክሰኞ?»

«ስፖንጁን አየሁ። እጅህን አላየሁም።»

«ቢላ ብይዝ ጆጉን እበሳዋለሁ። ጆጎቹ ከምድጃ እስኪወጡ ድረስ እንኳ ልቀመጥ ብዬ ነው። አራት ቀን ሰው ፌትለር ቢለኝ።» ቀና ብሎ አየኝና «አልተናገርክም» አለኝ።

«አንተ ወረቀቴን አነበብክ።»

ለምን እንዲህ እንዳልኩ አላውቅም፤ ሃያ አራት ዓመት አፌ ላይ ተቀምጦ ነበርና ወጣ። ክላይቭ የቱን ወረቀት ብሎ አልጠየቀም።

«አነበብኩ» አለ። «አንድ ምሳ ሰዓት ሙሉ አሳቅሁበት። አዳ ማቺን ትዝ ትልሃለች፣ ጎንህ ተቀምጣ ስፖንጅ ታደርግልህ የነበረችው? አልሳቀችም። ስኒዋን አስቀምጣ ወጣች። እኔ ከዚያ ቀን የማስታውሰው እሷን ነው። ይቅርታ ልበልህ ብዬ ጓሮ መጥቼ ነበር፤ ፊትህን ሳይ ፈራሁና ስለ ጄሶ ጠየቅሁህ።»

የጄሶው ነገር ትዝ አለኝ። ያሾፈብኝ መስሎኝ ነበር።

ይቅር አላልኩትም። ዞሬ ወደ ውስጥ ገባሁ፤ ካርዴን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ልሄድ። የእሱ ጣውላ አጠገብ ሳልፍ ግን እግሬ ቆመ። ስድስቱ ጆጎች ለስላሳ፣ ንጹሕ፣ ምንም የማያውቁ ሆነው ቆመዋል። ሲመሽ ምድጃ ይገባሉ። ክላይቭ በድሎኝ ይሆናል፤ ጆጎቹ ምን አደረጉኝ? ሠላሳ አንድ ዓመት በእጄ ያለፈ ጆግ ስፌቱን ይዞ እሳት ገብቶ አያውቅም። ኮቴን አወለቅሁ።

ጭቃው ደርቆ ስለነበር አቧራው ሳንባ እንዳይገባ መጀመሪያ አረጠብኩት። ስፌቱ የት እንዳለ አይታይም፤ በአውራ ጣት ግን ይገኛል፣ ከሌላው ይልቅ ቀዝቀዝ ይላል። ቆረጥኩ፣ ተጫንኩ፣ ዳበስኩ። አምስተኛው እጄ ላይ እያለ በሩ ተከፈተ።

ሚስ ፕሪዶ ጣውላው ላይ ያለውን ስም አየች። ከዚያ ቢላውን። ከዚያ ወለሉ ላይ የወደቀውን ፍርፋሪ።

«ሚስተር ብሉር» አለች በቀስታ። «የማን ጆጎች ናቸው እነዚህ?»

«የሱ።»

«እና ምን እያደረጓቸው ነው?»

ፊቷ ላይ የነበረውን አውቀዋለሁ። ሚስተር ኦክስሊ ቀዩን እስክሪብቶ ሲያነሣ እንደዚያ ነበር። የተወዳዳሪውን ሥራ ሲያበላሽ የተያዘ ሰው ነኝ። አሥር ዓይነት መልስ ነበረኝ፤ አንዱም ግን የክላይቭን እጅ ሳይነካ አይወጣም፣ እሱን ደግሞ እኔ ልናገረው አልፈለግሁም። ቢላውን አስቀመጥኩ። ወንበሩ ሲሄድ ታየኝ፤ አሥራ ሁለት ዓመት ጠብቄ በአራት ጆግ ሲሄድ።

«ያዩትን ነው» አልኩና ኮቴን አነሣሁ።

«አላየችም» አለ ክላይቭ ከጓሮው በር።

መጥቶ ከመካከላችን ቆመና ሁለት እጆቹን ዘረጋ። ሌላ ምንም አላደረገም። እጆቹ በራሳቸው ተናገሩ። ሚስ ፕሪዶ አየቻቸው፣ ከዚያ ሌላ ቦታ ለማየት ሞከረች።

«ይዩት እንጂ» አላት። «ማክሰኞ ፈጣን ያሉኝ ቢላ መያዝ ስለማልችል ነው። ስፌቱን አላወጣሁትም፣ አለበስኩት። ይሄ ሰውዬ በዚያው ቀን አውቆ ዝም አለ፤ መብቱ ነበር። ዛሬ ደግሞ ሊያድናቸው ተቀመጠ። ያበላሸሁት እኔ ነኝ።»

ስድስተኛውን፣ ገና ያልነካሁትን፣ አንሥታ ዙሪያውን ዳበሰችው።

«ምንም የለውም እኮ» አለች።

«የለውም» አልኳት። «የሚያሳየው እሳት ነው።»

አሰበች። «ያን ይጨርሱት፤ ይሄኛው ግን እንዳለ ይግባ። እንይ።»

ቅዳሜ ጠዋት ምድጃው ሲከፈት ቤሪልም መጣች፣ አልጠራኋትም። የእኔ ስድስት ወጡ፣ ለስላሳ። የክላይቭ አምስት ወጡ፣ ለስላሳ። ስድስተኛውን ሚስ ፕሪዶ በጓንት አወጣችው። ከአፉ እስከ ቂጡ፣ እንደ ሽማግሌ እጅ ደም ሥር፣ ስፌቱ ብድግ ብሎ ቆሟል። ጓንቷን አውልቃ በአውራ ጣቷ ወረደችበት፣ እንደገና ወጣችበት።

«የት ነበር ይሄ?»

«እዚያው ነበር» አልን፣ እኔና ክላይቭ አንድ ላይ። ተያየንና ሁለታችንም ዞር አልን።

«ሚስተር ብሉር፣ ወንበሩ የእርስዎ ነው» አለች። «ይሄ ጆግ ደግሞ ከፊቱ ይቀመጥ። ካርዱንም አንብቤዋለሁ፤ እንዲህ ያለ አልጠበቅሁም።» ትንሽ አመነታች። «ሦስት ቦታ የፊደል ስህተት አለው። ከፈለጉ እንዲሁ እንሰቅለዋለን፣ ውበት አለው።»

«ውበት የለውም» አልኩ። «ይታረማል።»

ጥግ ላይ ወንበር ይዤ ተቀመጥኩና ንጹሕ ካርድ አወጣሁ። ክላይቭ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ሦስቱን ቃላት ፊደል በፊደል፣ ከእኔ በቀር ማንም በማይሰማው ድምፅ ነገረኝ። እኔ ጻፍኩ። አንዱ ላይ አሁንም ተሳሳትኩ፤ ደገመልኝ።

ስንጨርስ ሚስ ፕሪዶን ጠርቼ አንድ ነገር አስረዳኋት። ፌትለር ብቻውን ተቀምጦ አያውቅም። አንዱ ይቆርጣል፣ ጎኑ ያለው በስፖንጅ ያጠራል፤ ፋብሪካው ውስጥ ሁሌም ሁለት ነበርን። ጎብኚው እውነቱን ይይ ከተባለ ሁለት ሰው ያስፈልጋል። ስፖንጅ ደግሞ እጅ ቢንቀጠቀጥም አይበሳም።

«ማስታወቂያው ላይ አንድ ብዬ ነበር» አለች።

«አስምረውበታልም» አልኩ። «ኪሴ ውስጥ ነው።»

ስትስቅ ያኔ ነው ያየኋት።

አሁን ወሩ አልፏል። ይቅር አልኩት ብላችሁ እንዳታስቡ። ክላይቭ ብዙ ያወራል፣ ለጎብኚው እኔ ሳልጨርስ ይመልሳል፣ ስፖንጁን አጥቦ አይመልስም። ስለ አባቴ ካርዱ ላይ ያለውን ለሰው ሲያስረዳ ሦስት ምት ያደርገዋል፤ ሁለት ነው ብዬ ሁለቴ ነግሬዋለሁ።

ባለፈው ረቡዕ ጎብኚ አልነበረም። ዝናብ ነው። ክላይቭ ቢላዬን ሲያይ አየሁት፣ ብዙ ጊዜ ያየዋል።

«አንዲት ጆግ» አለ። «ተበስታ ብትጣልም።»

በማግስቱ ከምድር ቤቱ በር ላይ ቀበቶውን አወረድኩት። ቤሪል ሳወርደው አየች፣ አልጠየቀችኝም። ቅባት ቀባሁት፣ ወንበራችን ጋ ወሰድኩት። የክላይቭን ክንድ ከእጅ አንጓው በላይ በጣውላው ላይ አስተኝቼ፣ ከሥሩ የአሸዋ ከረጢት አድርጌ፣ ቀበቶውን ሁለት ዙር አዞርኩት። አባቴ እንደሚያደርገው እስኪጮህ ድረስ አጠበቅሁት።

«አመመህ?»

«ትንሽ።»

«ጥሩ። እንግዲህ ጆጉን እኔ ነኝ የማዞርልህ፤ አንተ ቢላውን ብቻ ይዘህ ተቀመጥ። ስፌቱ ወደ አንተ ይመጣል።»

አዞርኩ። የመጀመሪያው አንድ ጣት ያህል ስፌት ተቆራርጦ ወጣ። ሌላ አንድ ጣት ያህል ስንሄድ ክንዱ ከቀበቶው ጋር ተስማማ። ከዚያ በኋላ ስፌቱ፣ ቀጭን፣ ሳይቋረጥ፣ እየተጠቀለለ ጉልበታችን ላይ ወረደ።